ዋንጫው የእኛ፣ ፊልሙ የማን?

መቼም የኳስ ደጋፊ ሲሰበሰብ ሁለት ነገር ያደርጋል፤ ያለፈውን ሳምንት ዳኛ ይሰድባል፣ ያለፈውን ዘመን ተጫዋች ያወድሳል። ከመንዝ፣ ከግሼና ከመርሐቤቴ መጥተን አዲስ አበባ የከተምነው የቅዱስ ጊዮርጊስ ደጋፊዎችም ከዚህ አንወጣም። ሰሞኑን ደግሞ ዋና ሥራችን የድሮ ፊልም መልቀም ሆኗል። አንዱ የሃያ ሰከንድ ቁራጭ ከየትም ፈልጎ በቴሌግራም ይለቃል። ሌላው «ይሄ ዘጠኝ ቁጥሩ ማነው?» ይላል። ሦስተኛው ደግሞ አባቱ ጋ ደውሎ ይጠይቃል። ምስሉ ላይ ዝናብ የሚዘንብ ይመስላል፤ ኳሷ አንዳንዴ ትጠፋለች፤ ድምፁም ይቆራረጣል። ቢሆንም ደጋግመን እናየዋለን።

ይህን የምንጽፈው ግን ትዝታ እንዴት እንደሚጣፍጥ ለማውራት አይደለም። የምንለው አንድ ነገር ነው፦ የኳሳችን ታሪክ የሕዝብ ንብረት ነውና ምስሉም ድምፁም ለሕዝብ ይከፈት። የድሮ ፊልም የሌለው ክለብ የነገ ደጋፊ አይኖረውም። እንዲያው ለማጋነን ብለን አይደለም፤ እስቲ አብረን እንየው።

የሚሰማ ኳስ

በአያቶቻችን አገር የሚታየው ጨዋታ ገና ነበር። ሩሯ ስትለጋ ጌታና ሎሌ እኩል የሚሆኑበት፣ ጌታ ቢመታም የማይቆጣበት ጨዋታ። እግር ኳስ ግን የሚታይ ሳይሆን የሚሰማ ነገር ነበር። መሐል ሜዳም ሆነ ዓለም ከተማ፣ ሞላሌም ሆነ ራቤል፣ ስታዲየም ማለት ባትሪው እንዳያልቅበት በስስት የሚከፈት ሬዲዮ ነው። ልጅ ሆነን «ፈረሰኞቹ» ሲባል ስንሰማ በዓይነ ሕሊናችን የሚመጣው አሥራ አንድ በፈረስ የሚጋልብ ሰው ነበር። ለደጋ ልጅ ፈረሰኛ ሌላ ትርጉም የለውማ!

አሁን ወደ ትልቁ ዋንጫ እንሂድ። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ኢትዮጵያና ግብፅ (ያኔ የተባበረችው ዓረብ ሪፐብሊክ ትባል ነበር) ለአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ተገናኙ። የእኛ ቡድን ሁለት ጊዜ ተመርቶ ሁለት ጊዜ አቻ ሆነ። ሁለተኛዋን የአቻነት ጎል ሉቺያኖ ቫሳሎ ያስቆጠረው መደበኛው ሰዓት ሊያልቅ ስድስት ደቂቃ ሲቀረው ነው። በተጨማሪው ሰዓት ኢታሎ ቫሳሎ አገባ፤ ማሳረጊያዋን ደግሞ የጊዮርጊሱ መንግሥቱ ወርቁ። 4 ለ 2! አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ተቀበለ። አሠልጣኙ ይድነቃቸው ተሰማ ነበር፤ ከሃያ ዓመት በላይ የጊዮርጊስን ማሊያ የለበሰው፣ በኋላም የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዝዳንት የሆነው ይድነቃቸው።

ልብ በሉ፤ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራ የጀመረው በጥቅምት 1957 ዓ.ም. ነው። ኢትዮጵያ አንድ ጊዜ ብቻ ያገኘችው የአፍሪካ ዋንጫ የመጣው አገሩ ቴሌቪዥን ሳይኖረው ነው ማለት ነው። ስለዚህ ለኛ ትውልድ 1954 ማለት ፎቶግራፍና ወሬ ነው፤ ንጉሡ፣ ዋንጫው፣ ፈገግ ያለው አምበል። ጎሎቹን በቁጥር እናውቃቸዋለን እንጂ በዓይናችን አናውቃቸውም።

ትንሹ ዋንጫ ለምን ይሞቃል?

አሁን 1980 ዓ.ም. ላይ እንቁም። በታኅሣሥ ወር አዲስ አበባ ላይ በተደረገው የሴካፋ ዋንጫ ፍጻሜ ኢትዮጵያ ከዚምባብዌ 1 ለ 1 ተለያይታ በፍጹም ቅጣት ምት አሸነፈች። ሴካፋ የምሥራቅና የመካከለኛው አፍሪካ ዋንጫ ነው፤ ከአፍሪካ ዋንጫ ጋር በክብር አይወዳደርም። ነገር ግን የዕድሜ እኩዮቻችንን ጠይቁ። ያኔ ያልተወለደው ሁሉ የደምሴ ዳምጤን ድምፅ ያስመስልላችኋል፤ የትኛው ቃል ላይ እንደሚጮህ፣ የትኛው ላይ ትንፋሹ እንደሚያጥረው ሳይቀር።

ትልቁ ዋንጫ ቀዝቅዞ ትንሹ የሚሞቀው ለምንድን ነው? መልሱ ቀላል ነው፤ 1980 ተቀርጿል። ምስልም ድምፅም አለው። አባት ለልጁ «እንዲህ ነበር» ከማለት ይልቅ «እየው» ማለት ይችላል። የተቀረጸ ትዝታ ይወረሳል፤ ያልተቀረጸ ትዝታ ግን ከባለቤቱ ጋር ይቀበራል።

ይኸው ሕግ ድንበር ተሻግሮም ይሠራል። መሐል ሜዳ ላይ ዲኤስቲቪ የሚያሳይ ቤት ግቡና አንዱን ልጅ በ1999 (እ.ኤ.አ.) ማንቸስተር ዩናይትድ ባየርን ሙኒክን እንዴት እንዳሸነፈ ጠይቁት። ሼሪንግሃም፣ ከዚያ ሶልሻየር፣ ሁለቱም በባከነ ሰዓት፤ ሊነግራችሁ ብቻ ሳይሆን ቆሞ ሊያሳያችሁም ይችላል። የሊቨርፑልን የ2005ቱን የኢስታንቡል ሌሊትም እንዲሁ። ከዚያ ቅዱስ ጊዮርጊስ በ2009 ዓ.ም. የአፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግ ምድብ ውስጥ የገባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ክለብ ሲሆን ከእነማን ጋር እንደተመደበ ጠይቁት። ኤስፔራንስ፣ ማሜሎዲ ሰንዳውንስ፣ ቪታ ክለብ። ብዙው ዝም ይላል።

ብዙ ታላላቆቻችን በዚህ ይናደዳሉ። «የራሱን ጥሎ የሰው የሚያመልክ ትውልድ» ይሉናል። ይቅርታ ይደረግልንና፣ ልጁ ምን አጠፋ? የእንግሊዝ ክለቦች የሃያና የሠላሳ ዓመት ጎላቸውን አጥበውና አንቆጥቁጠው በየቀኑ እስከ ስልኩ ድረስ ያመጡለታል። የእኛው ታሪክ ግን ደጅ ጥናት ይጠይቃል። ፍቅር ያየውን ይከተላል። ልጁ አልከዳም፤ የሚያየው ነው ያጣው።

ስሙ የጠፋበት ቴፕ

የጊዮርጊስን ታሪክ ፍለጋ ደግሞ ከሌሎቹ ይልቅ የሚያከብድ ነገር አለ፤ የስም ጉዳይ ነው። ክለቡ የተመሠረተው በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. በአየለ አትናሽና በጆርጅ ዱካስ ጠንሳሽነት ነው። የጣልያን ጦር አገሩን መውረር ጀምሮ ነበር፤ አዲስ አበባ ሊገባም የቀረው አምስት ወር ያህል ብቻ ነው። በእንዲህ ያለ ጊዜ የተወለደ ክለብ ስሙን ጠብቆ መኖር አልተፈቀደለትም። በደርግ ዘመን የቅዱሱ ስም ተነስቶለት በቢራ ፋብሪካ ስም ተጫወተ። ስሙ የተመለሰለት ከደርግ ውድቀት በኋላ ነው።

ይህ በፊልም ክምችት ቋንቋ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። አንድ የዛሬ ልጅ የደርግ ዘመን ቴፕ ፊት ቢቀመጥና «ቅዱስ ጊዮርጊስ» ብሎ ቢፈልግ ምንም ላያገኝ ይችላል። የሚያገኘው ቢራ ነው! ያ ቢራ ጊዮርጊስ መሆኑን፣ ያ ቁመተ ረጅም ተከላካይ ማን እንደሆነ፣ ጨዋታው የትኛው ዓመት እንደነበር የሚያውቁት ያኔ ካታንጋ ወይም ከማን አንሼ ቁጭ ብለው ያዩ፣ ዛሬ ግን ዕድሜያቸው የገፋ ሰዎች ናቸው። ስለዚህ ጥያቄው ቴፑ ይኑር ወይስ አይኑር ብቻ አይደለም። ቴፑና ቴፑን ማንበብ የሚችሉት ሽማግሌዎች በአንድ ዘመን መገናኘት አለባቸው። አንዱ ካለ ሌላው ድዳ ነው።

ጊዜውም አይጠብቀንም። ይድነቃቸው በ1979 አለፈ። መንግሥቱ ወርቁ በ2003፣ ሉቺያኖ ቫሳሎ በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ አረፉ። ማግኔት ቴፕም እንደ ሰው ያረጃል፤ ይሻግታል፣ ይላላጣል። «ኋላ ቀር ስለሆንን ነው» ብለን እንዳንጽናና ደግሞ የእንግሊዙ ቢቢሲ እንኳ በ1960ዎቹና 70ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ቴፕ ውድ ነው፣ ቦታም ይይዛል እያለ ስንቱን ፕሮግራሙን ደመሰሰ፤ ኋላ ላይ ከየሰው ቤት ቅጂ ሲለምን ኖረ። ልዩነቱ እነሱ የጠፋውን ቆጥረው ማወጃቸው ነው። እኛ ምን እንዳለን የሚናገር ዝርዝር እንኳ በሕዝብ እጅ የለም።

ከጓሳ የምንማረው

መፍትሔ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ መንዝ ይበቃል። የጓሳን ምድር የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ የሚኖሩበት፣ ብርዱ አጥንት ድረስ የሚገባበት ሜዳ ነው። አባቶቻችን ይህን መሬት ከ400 ዓመት በላይ በራሳቸው ሕግ ጠብቀውታል። ሣሩ ለሦስትም ለአምስትም ዓመት ይዘጋል፤ ጠባቂ ይሾምለታል፤ የጣሰ ይቀጣል። ጊዜው ሲደርስ ደግሞ ይከፈታል፤ ባለመብቱ ሁሉ በወጉ አጭዶ ቤቱን ይከድናል፣ ገመዱን ይገምዳል። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ያንን ሥርዓት ሲያፈርሰው ጓሳ ክፉኛ ተጎዳ፤ በኋላ ግን ሕዝቡ ራሱ ተመካክሮ ጥበቃውን አቆመው።

የዚህ ሥርዓት ብልሃቱ አንድ ነው፤ የሚዘጋው ሊከፈት ነው። ለዘላለም የሚዘጋ ሣር ለማንም አይጠቅምም፤ ያለ ጠባቂ የሚከፈት ሣር ደግሞ በአንድ ክረምት ያልቃል። የፊልም ክምችትም እንደዚያው ነው። ቴፑን የሚጠብቅ ባለሙያ ይኑር፤ መብቱም ይከበር፤ ክለቡም ጣቢያውም ገንዘብ ያግኙበት፤ አንቃወምም። ግን የመክፈቻ ቀን ይኑረው።

ቀኑንም እኛ እናዋጣለን፤ ጥር 13። የ1954ቱ ዋንጫ የመጣበት ቀን ነው። የሚገርመው ከሃምሳ አንድ ዓመት በኋላ፣ ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም.፣ ኢትዮጵያ ከሠላሳ አንድ ዓመት ቆይታ በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ተመልሳ ደቡብ አፍሪካ ላይ የዋንጫው ባለቤት ከነበረችው ዛምቢያ ጋር 1 ለ 1 ስትለያይ ጎሏን ያገባው የጊዮርጊሱ አዳነ ግርማ ነበር። በአንድ ቀን ሁለት ታሪክ! ደግሞም ጥምቀት ባለፈ በሁለተኛው ቀን ነው፤ የደጋው ልጅ ሁሉ ለበዓል አገሩ የገባበት ሰሞን። በዚያ ቀን ብሔራዊው ጣቢያ፣ ፌዴሬሽኑና ክለቦቹ በየዓመቱ ጥቂት ሰዓት የድሮ ፊልም ይልቀቁ። መሐል ሜዳና ዓለም ከተማ ያሉት የኳስ ማሳያ ቤቶችም ለአንድ ቀን ከእንግሊዝ አርፈው የአባቶቻቸውን ኳስ ያሳዩ።

«አሁን ይሄ ጊዜው ነው?»

የሚቀርብብንን ክስ እናውቀዋለን። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ የአማራ ክልል ብዙ ደም አይቷል፤ ሰሜን ሸዋም ከዚያ ውጭ አልነበረም። ሰው በሚሞትበት አገር ስለ ቴፕ ማውራት ቅንጦት ይመስላል። ይህን የሚለንን ሰው አንንቀውም፤ ከእኛ መካከልም ለቅሶ ያልተቀመጠ የለም። ግን በክፉ ዘመን ቶሎ የሚጠፋው ማንም የማይጠብቀው ነገር ነው፤ ወረቀት፣ ፎቶ፣ ቴፕ፣ የሽማግሌ ቃል። ጊዮርጊስ ራሱ በጦርነት ዋዜማ የተመሠረተ ክለብ ነው። መሥራቾቹ «ጊዜው አይደለም» ብለው ቢሆን ዛሬ የምንከራከርበት ታሪክ ባልኖረ።

ሌላም አለ። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ የፕሪሚየር ሊጉ ጨዋታ ለአምስት ዓመት ውል ለዲኤስቲቪ ተሸጦ በጥሩ ካሜራ መቀረጽ ጀመረ። ፈረሰኞቹ በ2014 እና በ2015 ዓ.ም. ሻምፒዮን ሲሆኑ የሆነው ሁሉ ጥርት ብሎ ተቀርጿል። ደስ ይላል። ግን የዛሬ ሠላሳ ዓመት ያን ምስል ማን ይዞት ይገኛል? ልጆቻችን ሊያዩት ሲፈልጉ ከማን ይገዙታል? የትናንቱን ስናጣ ቢያንስ ቴክኖሎጂው አልነበረም ብለን ነበር። የዛሬውን ብናጣ ምን ልንል ነው?

ባለሥልጣን እስኪወስን ድረስ ደግሞ እጃችንን አጣጥፈን አንቀመጥም። እያንዳንዳችን ስልክ አለን። አባታችሁ፣ አጎታችሁ፣ ሰፈራችሁ ያሉ ጋሼ በአንድ ወቅት ስታዲየም የገቡ ወይም ሬዲዮ ታቅፈው ያደሩ ከሆነ ቅረጿቸው። ስም ጠይቁ፤ ዓመቱን ጠይቁ፤ ጊዮርጊስ ያኔ በምን ስም ይጠራ እንደነበር ጠይቁ። አሮጌ ፎቶ ካለ ጀርባው ላይ በእርሳስ ጻፉበት። የቡና ደጋፊዎችም ብትሆኑ አትፈሩ፤ በዚህ እንኳ አንጣላም። ያኔ ቴፑ የተከፈተ ቀን የሚያነበው ሰው አይጠፋም።

ቸር እንሰንብት!