አንዳንዴ የምትነሣ መኪና

ጨርሶ እምቢ ያለ ነገር ብዙ አያደክምም። ሰው ፊት ለፊት ይመለከተውና መላ ይፈልግለታል። አስቸጋሪው፣ ሲፈልግ የሚታመም፣ ሲፈልግ የሚድን ነገር ነው። ሌሊቱን ሲያቃስት ያደረው ሕፃን ከሐኪም ቤት ሲደርስ እንደሚፈነድቅ ሁሉ፣ ጧት እምቢ ያለች መኪናም ከጋራዥ ስትደርስ በመጀመሪያው ቁልፍ ተነሥታ ባለቤቷን ታሳፍራለች። ባለቤቱም «ምንም የላትም» ተብሎ ይመለሳል፤ በማግሥቱም መንገደኛ እየለመነ ሲያስገፋ ይገኛል።

ዛሬ በዚህ አምድ የማጫውታችሁ እንዲህ ያለ ጠባይ ስለ ነበራት አንዲት አሮጌ የናፍጣ ፒካፕ ነው። የአጎቴ ናት፤ በዕድሜም ከእኔ ትበልጣለች። እኔ ከዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ወጥቼ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ ማስተማር ከጀመርሁ ገና ሦስተኛ ዓመቴ ሲሆን፣ እርስዋ ግን አሸዋና ሲሚንቶ፣ የሙሽራ ዕቃና የተከራይ ቁም ሣጥን ስታመላልስ ሠላሳ ዓመት አልፏታል። የአጎቴ ልጆች የተማሩት፣ እኔም ተማሪ ሳለሁ ኪሴ ባዶ ሆኖ ያልዋለው በእርስዋ ጀርባ ነው። ስለዚህ መኪናይቱ ቆመች ማለት ቤቱ ቆመ ማለት ነው።

አጎቴ ለብዙ ዘመን የኖሩት በካዛንቺስ ነበር። ይህ የሰፈር ስም ጣሊያኖች ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. አገራችንን በያዙበት ጊዜ ለመንግሥት ሠራተኞቻቸው ካሠሯቸው ቤቶች፣ «ካዛ ኢንቺስ» ከሚለው የመጣ ነው። የጋራዥ ቋንቋችንም ቢሆን ገና ከዚያው ቋንቋ አልወጣም፤ ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሣውን «ሞተሪኖ»፣ በብርድ ጊዜ የሚያሞቀውን «ካንዴሌታ»፣ ማጣሪያውን «ፊልትሮ» እንለዋለን። ታዲያ በዚያ ሰፈር መኪናይቱ የምታድረው ከአንድ ቁልቁለት መንገድ ዳር ነበር። ጧት ቁልፉ እምቢ ካለ አጎቴ ፍሬኑን ለቅቀው በሁለተኛ ማርሽ ያንደረድሯታል፤ ሁለት ቤት ሳታልፍ ትነሣለች። ስለዚህ ሕመሟን ማንም ከቁም ነገር አልቆጠረውም።

በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ግን የኮሪደር ልማት ሥራ ካዛንቺስ ደረሰና ብዙ ቤቶች ፈረሱ፤ ጎረቤት ከጎረቤት ተለያየ። አጎቴም ቂርቆስ ካለ ዘመዳችን ግቢ ገቡ። ግቢው ሜዳ ነው። ቁልቁለቱ ሲቀር ሕመሙ ተገለጠ፤ ለካ መድኃኒት የመሰለን ነገር መደበቂያ ኖሯል።

አንዳንድ ቀን ቁልፉ ሲዞር «ጠቅ» የሚል አንድ ድምፅ ብቻ ይሰማል፤ ሞተሩ ግን አይዞርም። በማግሥቱ ደግሞ ምንም እንዳልሆነች ሁሉ ትነሣለች። ከአንድ ጋራዥ ሲጠየቅ «ባትሪው ነው» ተባለ፤ አዲስ ባትሪ ተገዛ። አንድ ሳምንት ደኅና ሆነችና ሁላችንም «እሰይ» አልን፤ ከዚያ በኋላ ያው ሆነ። «እንግዲያው ካንዴሌታው ነው» ተባለ፤ አራቱም ተለወጡ። አሁንም ያው። ገንዘቡ ካለቀ በኋላ የቀረው ሰው መክሰስ ነበር።

ተከሳሹም ሩቅ አልነበረም። አጎቴ አንድ የዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ረዳት አላቸው፤ ሌላ ማደሪያ ስለሌለው አንዳንድ ሌሊት በመኪናይቱ ውስጥ ይተኛል፤ ከመተኛቱም በፊት ሬዲዮ ይሰማል። «ይኸ ልጅ ሌሊት ሬዲዮ እየከፈተ ባትሪዬን ጨረሰው» አሉ አጎቴ። ልጁ «ጋሼ፣ እግዜር ያውቃል፣ ዘግቼ ነው የምተኛው» ቢልም የሚሰማው አላገኘም። በወሩ መጨረሻ ሒሳቡን ተቀብሎ እንዲሄድ ተወሰነ። አበው «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» ያሉት እንዲህ ያለውን ነው። መኪናይቱን መምታት አይቻልም፤ ልጁ ግን ከእጅ ውስጥ ነበር።

እኔ መካኒክ አይደለሁም። ሆኖም ተማሪዎቼን በየቀኑ «ሳትለኩ አትፍረዱ» እያልሁ ዝም ብዬ ማለፍ አሳፈረኝ። «ጋሼ፣ ሦስት ሳምንት ይስጡኝ፤ በደብተር እንያዘው» አልኋቸው። «አንተ መምህር፣ መኪና በደብተር ይነሣል?» ብለው ሣቁ፤ ነገር ግን ፈቀዱ።

የደብተሩን ነገር ከመንገሬ በፊት፣ እንዲህ ያለች መኪና ያላችሁ አንባቢዎች እንዲጠቅማችሁ የምርመራውን መንገድ ባጭሩ ላስረዳ። የናፍጣ ሞተር እንደ ቤንዚን ሞተር የእሳት ብልጭታ የለውም። ጀርመናዊው መሐንዲስ ሩዶልፍ ዲዝል እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1897 አሠርቶ ባሳየው ሞተር፣ አየር በኃይል ሲታመቅ ይግላል፤ ናፍጣውም በጋለው አየር ላይ ሲረጭ በራሱ ይቀጣጠላል። በእንዲህ ያሉ አሮጌ ፒካፖች አየሩ እስከ ሃያ እጥፍ ያህል ታምቆ ሙቀቱ ከ500 ዲግሪ ያልፋል። እንግዲህ ሞተሩ እንዲነሣ ሦስት ነገር ያስፈልገዋል፤ ፈጥኖ መዞር፣ ሙቀትና ናፍጣ። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ «ቁልፉ ሲዞር ሞተሩ ዞረ ወይስ አልዞረም?» የሚለው ነው። ይህን ሳይጠይቅ ዕቃ የሚለውጥ ሰው በጨለማ ድንጋይ እንደሚወረውር ነው።

ሞተሩ በደንብ እየዞረ የማይነሣ ከሆነ ባትሪውንና ሞተሪኖውን ተዉአቸውና የጭስ ማውጫውን ተመልከቱ። ነጭ ጭስ ከወጣ ናፍጣው ደርሷል፤ የጎደለው ሙቀት ነው። ይህም በብርድ ጧት ብቻ የሚሆን ከሆነ ካንዴሌታዎቹ አንድ በአንድ በቴስተር ይለኩ። ከአራቱ አንዱ ወይም ሁለቱ ቢቃጠሉ በቆላ ላይታወቅ ይችላል፤ አዲስ አበባ ግን ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተቀመጠች ስለ ሆነች አየሯ ሳሳ ያለ ነው፤ የኅዳርና የታኅሣሥ ጧቷም ይቆረጥማል። ጭስ ጨርሶ ካልወጣ ናፍጣው አልደረሰም። ይህ የሚሆነው ቆማ ካደረች በኋላ ብቻ ከሆነ፣ በተሰነጠቀ ቱቦ ወይም በላላ ማሰሪያ አየር እየገባ ናፍጣው ወደ ጋኑ ይመለሳል ማለት ነው። በፊልትሮው ላይ ያለውን የእጅ ፓምፕ እስኪጠነክር ድረስ ተጭናችሁ ወዲያው ከተነሣች ምክንያቱ እርሱ ነው። ደግሞ በናፍጣው ፖምፓ ላይ በኤሌክትሪክ የሚሠራ መዝጊያ አለ፤ ብዙውን ጊዜ ቁልፉ ሲከፈት «ጠቅ» ሲል ይሰማል፤ ዝም ካለ ሽቦው ይፈተሽ። በብርድ እየተነሣች ስትሞቅ ብቻ እምቢ ካለች ደግሞ ፖምፓው አርጅቶ ሊሆን ይችላል፤ ናፍጣ ሲሞቅ ይቀጥናልና በተበላው ብረት መካከል ይሾልካል።

ሞተሩ እየዞረ፣ ነገር ግን እንደ ደከመ ሰው የሚጎተት ከሆነ ባትሪው ይለካ። ዐርፎ ያደረ ሙሉ ባትሪ 12.6 ቮልት ያህል ያሳያል፤ 12.2 ካሳየ ወደ ግማሽ ወርዷል። ሞተሪኖው ሲዞር ደግሞ ከ10 ቮልት ብዙ መውረድ የለበትም። ባትሪው ደኅና ሆኖ ሞተሩ ከተጎተተ ገመዶቹን ጠርጥሩ። የቴስተሩን አንድ ጫፍ በባትሪው ኔጋቲቭ፣ ሌላውን በሞተሩ ብረት ላይ አድርጋችሁ ሌላ ሰው ቁልፉን ያዙርላችሁ፤ ከግማሽ ቮልት በላይ ከታየ የመሬት ገመዱ ዝጓል ወይም ላልቷል። ብዙ አዲስ ባትሪ የተገዛው አንዲት የዛገች ማሰሪያ በብሩሽ ሳትጠረግ በመቅረቷ ነው።

ሦስተኛው፣ ሞተሩ ጨርሶ የማይዞርበት ነው። በዚህ ጊዜ የፊት መብራቱን አብሩና ቁልፉን አዙሩ። «ጠቅ» ብሎ መብራቱ ከደበዘዘ ባትሪው ደክሟል ወይም ማሰሪያው ላልቷል። «ጠቅ» የሚለውም ድምፅ ከሌለ ከቁልፉ ወደ ሞተሪኖው የሚሄደው ቀጭን ሽቦ ይፈለግ። «ጠቅ» ብሎ መብራቱ እንደ ነበረ ከበራ ግን ኤሌክትሪኩ ከሞተሪኖው በር ደርሶ ወደ ውስጥ አልገባም ማለት ነው።

አሁን ወደ ደብተሩ ልመለስ። በእያንዳንዱ መነሣት ቀኑና ሰዓቱ፣ ሞተሩ ብርድ ወይም ሙቅ መሆኑ፣ ድምፁ፣ መብራቱ፣ ጧት ጧት ደግሞ የባትሪው ቮልትና ልጁ ሌሊት በመኪናይቱ ውስጥ ማደሩ ወይም አለማደሩ ይጻፋል። የሚጽፈውም ልጁ ራሱ ነበር፤ አጎቴ ግን ቴስተሩን በዓይናቸው እያዩ ነው። በሃያ አንድ ቀን ውስጥ ስልሳ አራት ጊዜ ተሞከረች፤ ዐሥራ አንድ ጊዜ እምቢ አለች። ከዐሥራ አንዱ አራቱ በቀትር፣ ሞተሩ ትኩስ ሳለ ነበር፤ ስለዚህ የካንዴሌታ ነገር ቀረ። ባትሪው አንድም ጧት ከ12.5 አልወረደም፤ መብራቱም ሁልጊዜ ደማቅ ነበር፤ ስለዚህ የባትሪ ነገር ቀረ። ልጁ በመኪናይቱ ውስጥ አድሮ እምቢ ያለችው ሦስት ጊዜ ብቻ ነው፤ አድሮባት ደግሞ ያለ ችግር የተነሣችባቸው ጧቶች ከዚያ ይበዙ ነበር። ስለዚህ የልጁ ነገር ቀረ። አጎቴ ይህን ገጽ ሁለት ጊዜ አንብበው ዝም አሉ።

ደብተሩን ይዘን ቂርቆስ ሰፈር ወደሚሠሩ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ሄድን። ሽማግሌው አነበቡትና ኮፋኖውን ከመክፈታቸው በፊት «ይህን የጻፈ ሰው ሥራዬን ግማሹን ሠርቶልኛል» አሉ። ማርሹን ባዶ አድርገው፣ የእጅ ፍሬኑን ይዘው፣ ቴስተሩን በሞተሪኖው ላይ አጥምደው ደጋግመው ቁልፉን አስዞሩ። በሰባተኛው ጊዜ እምቢ ስትል «እሰይ!» ብለው ጮኹ። ባለመኪናው የሚያዝንበት ሰዓት ለመርማሪው የደስታ ሰዓት መሆኑን ያን ቀን አየሁ። ወፍራሙ ገመድ በሚገባበት ብሎን 12 ቮልት አለ፤ ወደ ሞተሪኖው ሆድ በሚያልፈው ብሎን ግን ምንም የለም።

ሞተሪኖው ወርዶ ሲከፈት ነገሩ ተገለጠ። በውስጡ ሁለት የመዳብ ቁራጮች አሉ፤ ቁልፉ ሲዞር አንድ ክብ መዳብ ተስቦ ይመጣና ሁለቱን በአንድነት ይነካል፤ ኤሌክትሪኩም ያን ጊዜ ያልፋል። «ጠቅ» የሚለው የዚህ ድምፅ ነው። ከሁለቱ አንደኛው በብዙ ዓመት ብልጭታ ተበልቶ አጥሮ ነበር። ክቡ መዳብ ደግሞ በየጊዜው ይሽከረከራል፤ ደኅናው ፊቱ ሲመጣ ይነካል፣ የተበላው ፊቱ ሲመጣ አይነካም። «አንዳንዴ» የተባለው ምሥጢር ይኸው ነው። መዳቦቹ ተለወጡ፤ ዋጋውም ከባትሪው ጋር የሚወዳደር አልነበረም። ባትሪው ሲለወጥ አንድ ሳምንት ደኅና መሆኗም የባትሪው ሥራ አልነበረም፤ በራሷ ጊዜ ደኅና የምትሆንበት ሳምንት ነበር። የሚመላለስ ሕመም ከሁሉ የሚያታልለው በዚህ ነው፤ መጨረሻ የተደረገውን ነገር ሁሉ መድኃኒት ያስመስለዋል።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። መኪና እምቢ ሲል በቤንዚን የራሰ ጨርቅ ወይም የሚነፋ ማስነሻ ወደ አየር ማስገቢያው የሚያቀርቡ አሉ። ካንዴሌታው ግሎ ሳለ ይህን ማድረግ እሳት መጥራት ነው፤ ሰውም ሞተርም ይጎዳል።

ልጁ ዛሬም ከአጎቴ ጋር ይሠራል። አጎቴ በቃላቸው ይቅርታ አልጠየቁም፤ በዚያ ማታ ግን ከቤት አንድ ጋቢ አውጥተው «ሌሊቱ ይበርዳል» ብለው ሰጡት። ደብተሩም በመኪናይቱ ውስጥ አለ፤ የናፍጣውና የዘይቱ ሒሳብ ይጻፍበታል።

እኔም በክፍሌ አንድ ቀን መልሶ፣ አንድ ቀን አፉን የሚዘጋ ተማሪ አለኝ፤ በመዝገቤ ላይ «ሰነፍ» ብዬ ጽፌበት ነበር። በዚህ ሳምንት ቃሉን ሰርዤ፣ በቦታው ቀንና ሰዓት መጻፍ ጀምሬአለሁ። እናንተም አንባቢዎቼ፣ አንዳንዴ የሚነሣ፣ አንዳንዴ የማይነሣ ነገር በቤታችሁ ቢኖር፣ ሰውም ይሁን መኪና፣ ከመፍረዳችሁ በፊት ሦስት ሳምንት ስጡት።