ከድሮኑ ግዢ በፊት የመለኪያው ነጥብ

አንድ የኅብረት ሥራ ማኅበር ለመድኃኒት ርጭት ድሮን ለመግዛት ሲያስብ፣ አስቀድሞ የሚጠይቀው ዋጋውንና የሚሸከመውን መጠን ነው። በእኛ አስተያየት ግን በቅድሚያ ሊጠየቅ የሚገባው፣ ድሮኑ ያለበትን ቦታ ምን ያህል አጥርቶ ያውቃል የሚለው ነው።

እንደሚታወቀው የአሜሪካው ጂፒኤስ፣ የሩሲያው ግሎናስ፣ የአውሮፓው ጋሊሊዮና የቻይናው ቤይዱ ቦታን የሚለኩት ከሳተላይት የተላከው ምልክት እስኪደርስ በሚፈጀው ጊዜ ነው። ምልክቱ በሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ የሰከንድ አንድ ቢሊዮንኛ ስሕተት ርቀቱን በ30 ሳንቲ ሜትር ያዛባል። በላይኛው አየር ሲያልፍም ይዘገያል። በመሆኑም ተራ መቀበያ በጥቂት ሜትሮች ይሳሳታል።

ይህን ለማረም አርቲኬ የተባለው ዘዴ በሁለት መቀበያዎች ይሠራል። አንዱ በታወቀ ነጥብ ላይ ይተከላል፤ ሌላው ከድሮኑ ጋር ይበራል። የተተከለው ጣቢያ ማረሚያውን በሬዲዮ ወይም በሞባይል ኢንተርኔት ሲልክለት የድሮኑ ስሕተት ወደ 2 ወይም 3 ሳንቲ ሜትር ይወርዳል። ድሮኑ ከጣቢያው ሲርቅ ግን ጥራቱ ይቀንሳል።

ይህ ለገበሬው ምን ይጠቅማል? በስንዴ ላይ የሚረጨው ቱፎርዲ ሰፋፊ ቅጠል ያለውን አረም ይገድላል፤ የጎረቤትን ባቄላም አይምርም። ማሳዎቻችን ጠባብና ተዋሳኝ በመሆናቸው፣ የ3 ሜትር ስሕተት የሌላውን ሰው የዓመት ልፋት ሊያጠፋ ይችላል። ይሁን እንጂ አርቲኬ ነፋስን አያቆምም፤ በነፋስ ሰዓት የተረጨ መድኃኒት በየትኛውም መሣሪያ አይመለስም።

በሌላ በኩል በሽታ የገባበትን የማሳ ክፍል ለመለየት ወይም የጎርፍ ጉዳትን ለመገመት የጥቂት ሜትር ስሕተት አያሳስብም። ለዚህ ብቻ ውድ መሣሪያ መግዛት ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው።

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ጣቢያው የሚቆምበት ነጥብ ነው። የነጥቡ ቁጥር በግምት ከተሞላ፣ መሣሪያው ጥሩ መሥራቱን እያሳየ ካርታው በሙሉ በሜትሮች ይንሸራተታል፤ የዘንድሮው ከአምናው አይገጥምም። እንዲሁም የቆዩ የአገራችን ካርታዎች የተሠሩበት አዲንዳን የተባለው የልኬት መነሻ ጂፒኤስ ከሚጠቀምበት ከ100 ሜትር በላይ ስለሚለያይ፣ ሁለቱ መደባለቅ የለባቸውም።

ስለዚህ የሚከተሉትን እንመክራለን።

1. ጎረቤታም ማኅበራት ለየብቻ ከመግዛት ይልቅ በአንድ ጣቢያ ይጠቀሙ።

2. የጣቢያው ቦታ በሲሚንቶ ይተከል፤ በባለሙያ ተለክቶ ቁጥሩ በማኅበሩ መዝገብ ይጻፍ፤ በየዓመቱም ያው ቁጥር ይሞላ።

3. በመቆጣጠሪያው ላይ «ፊክስ» የሚለው ምልክት ካልታየ ርጭት አይጀመር።

4. የማሳው ወሰን ተዋሳኝ ገበሬዎች ባሉበት ይለካ። ልኬቱ ለርጭት እንጂ የመሬት ይዞታ ማረጋገጫን የሚተካ አለመሆኑም በግልጽ ይነገራቸው።

ወጪው ይበዛል የሚሉ ይኖራሉ። ወጪውን ግን ከአንድ የተቃጠለ የባቄላ ማሳ ካሣና በጎረቤታሞች መካከል ከሚፈጠረው ጠብ ጋር ማመዛዘን ይገባል። ድሮኑ አርጅቶ ቢለወጥ እንኳ በትክክል የተተከለው ነጥብ ለሚቀጥለውም ያገለግላል።