«ዝም ብለህ ሽጥ» ይሉኛል

ሰሞኑን የተኳረፉ ፍቅረኞችን ስናስታርቅ ከረምን አይደል? የዛሬው ደብዳቤ ግን ወጣ ያለ ነው። ፍቅርም አለበት፣ ገንዘብም አለበት፣ ከሁሉ በላይ ግን መኪና አለበት። የመጣው ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። ጸሐፊው ስሜን እንዳታወጣ ብሎ ለምኗል። ባይለምንም አላወጣም ነበር። ረዘም ስለሚል አሳጥሬዋለሁ፤ ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

«ዕድሜዬ 34 ነው። አሜሪካ ከመጣሁ 11 ዓመት ሆነኝ። ዋሽንግተን ውስጥ ፓርኪንግ ነው የምሠራው፣ ሌሊት ሌሊት። በ2018 ከአንድ ሽማግሌ የ1970 ሼቭሮሌት ሼቬል በ14,000 ዶላር ገዛሁ። ሰውየው ‹ኤስ ኤስ ናት› አለኝ። ኮፈኗ ላይ ወፍራም መስመሩ አለ፣ ምልክቱም አለ፣ አመንኩት። ከዚያ ወዲህ ዕረፍቴም፣ ቲፔም፣ እንቅልፌም እሷ ላይ አለቀ። ከአንድ የኤል ሳልቫዶር ባቲላሜራ ጋር ሆነን ዝገቷን ቆርጠን ጣልን፣ 454 ሞተር ከሌላ መኪና አምጥተን ገጠምንላት፣ ካምቢዮዋን አደስን፣ ወንበሯን አሰፋን። መግዣዋን ጨምሮ 58,000 ዶላር ወጥቶባታል።

«አሁን ሰርጌ ደርሷል። እጮኛዬ ‹እሷን እንደምታያት እኔን አይተኸኝ ታውቃለህ?› ትለኛለች። ለቤት ቅድሚያ ክፍያ ስለሚያስፈልገን ልሸጣት ቆርጫለሁ። ‹ኤስ ኤስ› ብዬ ማስታወቂያ አወጣሁ፤ አንድ የኦሃዮ ሰው በ70,000 እወስዳታለሁ አለኝ። ችግሩ ምን መሰለህ... የቤንዚን ጋኗን ያወረድን ዕለት ከጋኑ ላይ የተጣበቀ የፋብሪካ ወረቀት አግኝተን ነበር። 307 ሞተር ይላል። ተራ ማሊቡ ናት ማለት ነው! ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ ቆልፌበታለሁ። እጮኛዬም አታውቅም። ጓደኞቼ ‹አንተም ተሸውደህ ነው የገዛኸው፣ ዝም ብለህ ሽጥ› ይሉኛል። ሰውየው የሳምንት ቅዳሜ ይመጣል። ምን ትመክረኛለህ?»

ወንድሜ፣ መንጃ ፈቃድ የለኝም። መኪና ሲፈታና ሲገጠም እያየሁ ግን ነው ያደግኩት፤ ቤታችን ከጋራዥ ጋር በአንድ አጥር ነበር። ስለዚህ እንደ መካኒክም እንደ ወንድምም ልመልስልህ። በቅድሚያ ነገሩ ግራ ለገባቸው አንባቢያን ትንሽ ላስረዳ።

አሜሪካኖቹ «መስል ካር» የሚሉት፣ ባለ ጡንቻ መኪና እንደማለት ነው፣ መካከለኛ መጠን ባላት ተራ መኪና ላይ የትልቅ መኪና ሞተር ሲጫንባት ነው። የ1964ቱ ፖንቲያክ ጂ.ቲ.ኦ መንገዱን ከፈተ፣ ወጣቱ ተሻማበት፣ ሌሎቹ ተከተሉ። ጄኔራል ሞተርስ በዚህ መጠን መኪኖቹ ላይ ከ400 ኪዩቢክ ኢንች የበለጠ ሞተር አይጫንም የሚል ገደብ ነበረው። ለ1970 ሞዴሎች ገደቡ ሲነሳ ሼቬል ኤስ ኤስ 454 ሞተር ገባላት፤ ኃይለኛው ዓይነት ፋብሪካው ራሱ 450 የፈረስ ጉልበት ብሎ የመዘገበው ነው። ከዚያ በኋላ የኢንሹራንስ ዋጋ፣ የጭስ ሕግና በ1973 የመጣው የነዳጅ ዕቀባ ተረባርበው ዘመኑን ዘጉት። የ1970ዋ ዛሬ እንደ ቅርስ የምትታየው ለዚህ ነው።

ግን በዚያው ዓመት፣ ከዚያው ፋብሪካ በር፣ አባወራ ልጆቹን ጭኖ አስቤዛ የሚገዛባት ማሊቡም ወጥታለች። ቅርጻቸው አንድ ነው። ጉዱ ያለው ደግሞ ሻንሲ ቁጥሩም አለመለየቱ ነው! ባለ ስምንት ሲሊንደሯ ባለ ሁለት በር ማሊቡ ቁጥሯ በ13637 ይጀምራል፤ ኤስ ኤሷም በ13637 ትጀምራለች። ምክንያቱም በ1970 ኤስ ኤስ ራሱን የቻለ ሞዴል ሳይሆን ገዢው ጨምሮ ከፍሎ የሚያዘው ነገር ነበር። ያንተዋ ከ1966 እስከ 1968 የተሠራች ብትሆን ኖሮ በ138 የሚጀምረው ቁጥሯ ብቻውን ይመሰክርላት ነበር። የ1970ዋ ያንን ምስክር አላገኘችም። ስለዚህ የቀረው ምስክር መሳቢያህ ውስጥ የቆለፍክበት ወረቀት ነው።

በነገራችን ላይ በላክልኝ ፎቶ ላይ ከዓመቱ ቁጥር ቀጥላ «ቢ» የምትል ፊደል አይቻለሁ። ባልቲሞር ተሠራች ማለት ነው፤ ካንተ ቤት በመኪና አንድ ሰዓት የማይሞላ መንገድ። ፋብሪካው በ2005 ተዘግቶ ቦታው ላይ ዛሬ የአማዞን መጋዘን ቆሟል። ይህን ለገዢው ንገረው፣ ደስ የሚል ታሪክ ነው። ታሪክ መንገር ካማረህ እውነተኛውን ንገር ለማለት ያህል።

አሁን ወደ ቅዳሜው ሰውዬ እንምጣ። ከኦሃዮ ድረስ ሊነዳ የተነሳ፣ 70,000 ዶላር ሊከፍል ያሰበ ሰው ባዶ እጁን ይመጣል ብለህ ነው? ማግኔት ይዞ ይመጣል። ስቱኮ የበዛበት ቦታ ላይ ማግኔቱ አይዝም። እኛ ሰፈር በሩን በጣት ኳ ኳ አድርገን እንደምናዳምጠው ማለት ነው። ባትሪ አብርቶ ከሥር ይገባል። የኋላ ዲፍረንሻሏን ቡሎን ይቆጥራል፤ ኤስ ኤሷ ባለ 12 ናት፣ 307 የጫነችው ማሊቡ ባለ 10። ክሩስኮቷን ያያል፤ የኤስ ኤሷ መለኪያዎች ክብ ክብ ናቸው፣ የተራዋ ማሊቡ ፍጥነት መለኪያ ግን አግድም የተዘረጋ ነው። እነዚህን ሁሉ ቀይረህ ይሆናል፣ ይቀየራሉ። ሞተሩ ላይ የተመታው ቁጥር ግን ከሌላ መኪና ስለመጣ ካንተዋ ቁጥር ጋር አይገጥምም። ያንን ያየ ገዢ ቀጥሎ የሚጠይቅህ «የፋብሪካ ወረቀቷስ?» ነው። ያን ጊዜ ዓይኑን እያየህ «የለም» ልትል ነው?

«ባይጠይቅስ?» በለኝ። ባይጠይቅ ይብሳል! እዚያ አገር ግለሰብ ለግለሰብ ሲሸጥ «አዝ ኢዝ»፣ ማለትም እንዳለች ገዝቻለሁ ብሎ ገዢው ይፈርማል። ይህ ፊርማ ግን ሻጩ እያወቀ የዋሸውን አይሸፍንለትም። ሰውየው ከዓመት በኋላ ነቅቶ ቢከስህ ገንዘቡ ቤት ውስጥ ገብቷል። ቤቱ ደግሞ ያንተ ብቻ አይደለም። እጮኛህ ያልሰማችው ወረቀት የሷም ዕዳ ሆነ ማለት ነው። እኔን ከሁሉም ያሰጋኝ ይህ ነው።

ጓደኞችህ ያሉህን አልንቅም። እውነት ነው ተሸውደህ ይሆናል። ሽማግሌው ግን አውቆ ይዋሽ ወይም እሱም ተሸውዶ ይኑር እኔም አንተም አናውቅም። አንተ ወረቀቱን አንብበሃል። ልዩነታችሁ ይሄው ነው።

ስለዚህ ሰውየው ቤንዚን ሞልቶ ከመነሳቱ በፊት፣ ዛሬውኑ ደውልለት። አታርዝመው። «ማስታወቂያው ላይ ኤስ ኤስ ያልኩት ትክክል አይደለም፣ የፋብሪካ ወረቀቷ ማሊቡ ይላል፣ ፎቶውን ልኬልሃለሁ፤ በዚህ ከፈለግካት እንነጋገር» በለው። ይናደድ ይሆናል። ስልኩን ይዘጋብህም ይሆናል። ማስታወቂያህን ግን በዚያው ሰዓት አርም። እንዲህ ያለችዋን መኪና አሜሪካኖቹ «ትሪቢዩት» ወይም «ክሎን» ይሏታል፣ የራሷም ገበያ አላት። እውነተኛዋን ኤስ ኤስ የገዛ ሰው ዝናብ እንዳይነካት ሸፍኖ ያስቀምጣታል። ያንተን የሚገዛት ግን እሑድ እሑድ ሊነዳት፣ ማርሚታዋን ሊያስጮህ ነው።

ዋጋስ? ዋጋው ይወድቃል፣ አልዋሽህም። 58,000 ዶላርህን መልሼ አገኛለሁ ብለህም አትነሳ። ለቀለም፣ ለፓራውልት ክሮም የከፈልከውን ገዢው አይደምርልህም፤ የሌሊት እንቅልፍህንማ ማን ይቆጥርልሃል! ደረሰኝህን ደምረህ ሳይሆን ሌሎች ማሊቡዎች በእርግጥ የተሸጡበትን አይተህ ጀምር። ሃገርቲ የሚባለው የድሮ መኪና ኢንሹራንስ ድርጅት መኪኖችን ከ1 እስከ 4 ደረጃ እየሰጠ ዋጋ ያወጣል። 1 ለውድድር የምትቀርብ እንከን የለሽ ናት፣ 4 ትነዳለች ግን ጉድለቷ ይታያል። ሻጭ ሁሉ የራሱን 1 ያደርጋል። አንተ 3 ብለህ አስብና የሚመጣው ሰው ራሱ ከፍ ያድርጋት። ሰባቱንም ደረሰኝ፣ ሰባ ከሆነም ሰባውን፣ በክላሰር አስገባ። የዝገቱን ፎቶ አትደብቅ፣ ከተቀባች በኋላ ካለው ፎቶ ይልቅ ከመቀባቷ በፊት ያለው ነው ሰው የሚያሳምነው። ያቺ ወረቀት የመጀመሪያው ገጽ ላይ ትግባ።

ክፍያ ላይ ደግሞ ዓይንህን ግለጥ። የባንክ ቼክ ነው ብለው የሚሰጡት ሐሰተኛ ሊሆን ይችላል። ባንክህ ገንዘቡን አካውንትህ ላይ አሳይቶህ ከሳምንታት በኋላ «ቼኩ ውሸት ነው» ብሎ መልሶ ይወስደዋል፣ መኪናዋ ግን ሄዳለች። ከገዢው ጋር እሱ ባንክ ሄዳችሁ ቼኩ ዓይንህ እያየ ይቆረጥ፣ ወይም ገንዘቡ ከባንክ ወደ ባንክ ይተላለፍ። ልሞክራት ቢልህ መንጃ ፈቃዱንና ኢንሹራንሱን አይተህ አጠገቡ ተቀመጥ። ብቻውን አትልቀቀው።

ወደ እጮኛህ ልመለስ። ከኦሃዮው ሰውዬ በፊት ወረቀቱን ማየት ያለባት እሷ ናት። ዛሬ ማታ መሳቢያውን ከፍተህ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጥላት። የጠበቃችሁት ገንዘብ እንደማይመጣ ከአንተ አፍ ትስማ። ልትቆጣ ትችላለች፣ በተለይ ለምን እስካሁን ደበቅከኝ ብላ። ያንን ችለህ ስማ። ከዚያ ሒሳቡን አብራችሁ ሥሩ፤ ወይ ቤቱ ጥቂት ወር ይቆያል፣ ወይ የአዳራሹ እንግዳ ይቀነሳል። (ሁለት መቶ ሰው ለመጥራት አስበናል ብለሃል። ሁለት መቶውንም ታውቃቸዋለህ?)

ሽያጩ ሲያልቅ ታርጋዋን ፍታና ለሜሪላንድ የተሽከርካሪ መሥሪያ ቤት መልስ። ኢንሹራንሱን የምትሰርዘው ከዚያ በኋላ ነው፤ ቅደም ተከተሉን ካዛባህ ቅጣት አለው። ከዚያ በፊት ግን አንድ እሑድ እጮኛህን አስቀምጠህ እስከ ባልቲሞር ድረስ ንዳት። ስንት ዓመት ስታወራላት የኖርካትን መኪና አንድ ቀን እንኳን እንዳልተቀመጠችባት ደብዳቤህ መጨረሻ ላይ ጽፈሃል።