የአባትና የልጅ ጸሎት

ታላቅ ወንድሜ ታሞ በተኛበት ዓመት፥ ቢድንልኝ ለደብራችን ጥላና ጧፍ ላስገባ ተሳልሁ፤ ጠዋትና ማታም ሳላቋርጥ ጸለይሁ፤ ነገር ግን አሁን ሳስተውለው፥ በዚያ ጸሎት እግዚአብሔርን አልለምንም ነበር፥ እኔ አስቀድሜ የቈረጥሁትን እንዲያጸድቅልኝ ብቻ እጠብቅ ነበር። ወንድሜ ባረፈ ጊዜ ጸሎቱን ተውሁት። ወራት ካለፉ በኋላ የንስሐ አባቴ ወደ ቤቴ መጡ፤ ሊገሥጹኝ ነው ብዬ አንገቴን ደፍቼ ስጠብቅ፥ ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን የአያቴን ዳዊት ከማኅደሩ አውጥተው፥ የጧፍ ሰም የነጠበባቸውን ገጾች ቀስ ብለው እየገለጡ፥ 150ውን መዝሙር አልፈው ከ15ቱ ጸሎተ ነቢያት ደረሱና፥ «ልጄ፥ ይህ የማን ጸሎት ነው? ቀጥሎ ያለውስ?» አሉኝ።

የመጀመሪያው የይሁዳ ንጉሥ የሕዝቅያስ፥ ቀጥሎ ያለው የልጁ የምናሴ ነበር።

ሕዝቅያስ ለሞት ታሞ ሳለ ፊቱን ወደ ግድግዳ መልሶ አልቅሶ ለመነ፤ ሞቱን ነግሮት የወጣው ነቢዩ ኢሳይያስም ገና ከግቢው ሳይርቅ፥ 15 ዓመት እንደ ተጨመረለት ሊያበሥረው ተመለሰ። ምናሴ ሲነግሥ 12 ዓመቱ ነበረና፥ ዘመኑን ለሚቈጥር ሰው፥ የተወለደው በዚያ በተለመነው ዕድሜ ውስጥ ነው። ይህም ልጅ 55 ዓመት ነግሦ ለጣዖት መሠዊያ አቆመ፤ ልጁን በእሳት አሳለፈ፤ ኢየሩሳሌምን በንጹሓን ደም ሞላት፤ ምሉዕ ሆኖ በግእዝ ብቻ የተረፈልን ዕርገተ ኢሳይያስ እንደሚተርከውም፥ ለአባቱ ያን ብሥራት ያመጣውን ነቢይ በመጋዝ አሰነጠቀው።

«እንግዲያስ ሕዝቅያስ ባይለምን ይሻል ነበራ» አልሁ፥ በኀዘኔ ቸኵዬ። አባ ግን ራሳቸውን ነቀነቁ። ምናሴ በሰንሰለት ታስሮ ወደ ባቢሎን በተጋዘ ጊዜ ራሱን አዋርዶ እንደ ጸለየ፥ ተሰምቶለትም ወደ መንግሥቱ እንደ ተመለሰ፥ ማቴዎስም የክርስቶስን የትውልድ ሐረግ ሲቈጥር ሕዝቅያስንና ምናሴን አባትና ልጅ አድርጎ እንደ ጻፋቸው አስታወሱኝ። ሕዝቅያስ በአልጋው ላይ ሆኖ ከዚህ ሁሉ አንዱን እንኳ አላየም፤ ያየው የራሱን ሞት ብቻ ነበር፤ እንባውም አልተነቀፈበትም።

በእግዚአብሔር ፈቃድ መጸለይ ምኞትን መሸሸግ የሚመስለው ሰው አለ፤ እኔ ይህን አልቀበልም። ጌታችን በጌቴሴማኒ ጽዋው እንዲያልፍለት በግልጥ ጠይቋል፤ ነገሩን ለአባቱ ፈቃድ የሰጠው ከጠየቀ በኋላ ነው፤ ይህንም ሦስት ጊዜ ተመላልሶ ጸልዮታል። እርሱ ባስተማረን ጸሎት ደግሞ የፈቃዱ ልመና ከዕለት እንጀራችን ይቀድማል። ይህን ጸሎት ከሕፃንነቴ ጀምሮ በየቀኑ ስደግመው ኖሬ፥ ቅደም ተከተሉን ያስተዋልሁት ከወንድሜ መቃብር በኋላ ነው፤ ዛሬም የምፈልገውን ሳልደብቅ እለምናለሁ፤ ነገር ግን ለምኜ ወዲያው አልነሣም፤ የያዝሁት ከእጄ እስኪላቀቅ ድረስ በዝምታ እቆያለሁ፤ አንዳንድ ሌሊት ይህ ረጅም ጊዜ ይፈጃል።

አንባቢ ሆይ፥ በቤትህ የታመመ ካለ፥ እንደ ሕዝቅያስ አልቅሰህ ለምን፤ አትፈር። ጸሎቱን ከደገምህ በኋላ ግን ዳዊቱን ቶሎ አትዝጋው፤ የምናሴ ጸሎት ቀጥሎ ነው።