አዋሽ የማያድር ቴአትር

ከአዋሽ ሸለቆ ተነሥታ በሩቅ አገር ብዙ ከተማ የዞረችው እንግዳ ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ነው። ድንቅነሽ በኅዳር 1967 ዓ.ም. ሐዳር ላይ ተገኘች፤ በ1999 ዓ.ም. ማብቂያ ለዕይታ አሜሪካ ገባች። ሂውስተን ላይ የተቆረጠላት ጊዜ ተራዘመላት፤ ሲያትል ላይ ግን የተጠበቀው ሕዝብ ቀረ። ኒው ዮርክም ታየች፤ በ2005 ዓ.ም. አገሯ ተመለሰች። አንድ ቴአትር ሊገጥመው የሚችለው ሁሉ ገጠማት፦ መራዘም፣ ባዶ ወንበር፣ ከከተማ ከተማ መዞር፣ መመለስ። የአዲስ አበባ ተውኔቶች ከእነዚህ ውስጥ በደንብ የሚያውቁት የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ነው።

በአማርኛ ቴአትር «ይመረቃል»። ቃሉን ልብ ላለው ያስገርማል። ድልድይ ይመረቃል፣ ጤና ጣቢያ ይመረቃል፣ ተውኔትም አብሯቸው ተሰልፎ ይመረቅና እንደ ሕንፃ በተተከለበት ይቆማል። አንዱ ማክሰኞን ይይዛል፣ ሌላው ሐሙስን፣ ዕድለኛው እሑድን። በሳምንት አንድ ቀን፣ በአንድ አዳራሽ፣ ለአንድ ከተማ። ሰው እስከመጣለት ይቆያል፤ ሲቀርበት «ከመድረክ ይወርዳል»። የውድነህ ክፍሌ «ባቢሎን በሳሎን» በዚህ አሠራር በብሔራዊ ቴአትር ከአሥር ዓመት በላይ ቆየ። የጫንያለው ወልደ ጊዮርጊስ «የቃቄ ወርድወት» ደግሞ የጉራጌዋን ጀግና ታሪክ ከአገሯ አምጥቶ እዚያው መድረክ ላይ አቆመው። ታሪክ ከክልል ወደ አዲስ አበባ ሲገባ መንገዱ ክፍት ነው። የመልሱ ጉዞ ነው የሚያስቸግረው።

አሥር ዓመት ሲባል ትልቅ ነው፤ ሲሰላ ግን ይቀንሳል። በሳምንት አንዴ የሚታይ ተውኔት አንድም ሳምንት ሳይዘል አሥር ዓመት ቢቆይ 520 ጊዜ ይታያል። ለንደን ውስጥ በሳምንት ስምንት ጊዜ የሚታይ ቴአትር ይህን ቁጥር በ65 ሳምንት ይደርስበታል። የአጋታ ክሪስቲ «የአይጥ ወጥመድ» እዚያ ከተማ ከገባበት ከኅዳር 1952 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ ኮሮና ከዘጋቸው ወራት በቀር፣ በዚሁ ፍጥነት ሲሄድ ኖሮ 30,000ኛውን ትዕይንት አልፏል። ስለዚህ ተውኔት ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚዘለል ነገር አለ። መጀመሪያ የታየው ለንደን አይደለም፤ ከዋና ከተማው ርቃ ባለችው ኖቲንግሃም ከፍቶ፣ በየአውራጃው ከተማ ዞሮ፣ የሚያስቀውንና የማያስቀውን ለይቶ ነው ወደ ለንደን የገባው። በዓለም ረጅሙን ዕድሜ ያገኘው ቴአትር መንገድ ላይ ተወልዷል።

«ረዘመ» በአማርኛ ለቀንም ለመንገድም ይሆናል። ቀኑ ረዘመ ይባላል፤ መንገዱም ረዘመ ይባላል። የአገሪቱ ቴአትር ግን «ተራዘመ» ሲል የሚያወራው ስለ ቀን መቁጠሪያ ብቻ ነው፤ ኪሎ ሜትሩን ረስቶታል። በአፋር ላሉት ለአዋሽ ሰባትና ለሰመራ የሚያስፈልገውም ከዚሁ ከተረሳው ወገን ነው። ሁለቱ ከተሞች ቴአትር ለማየት አዳራሽ ተሠርቶ እስኪመረቅላቸው መጠበቅ የለባቸውም። የሚያስፈልጋቸው በቀጠሮ የሚመጣ፣ አድሮ የሚያልፍና ተመልሶ የሚመጣ የተውኔት መስመር ነው።

አዋሽ ሰባት ለዚህ ልምድ አዲስ አይደለችም። ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ ጉዞው ሦስት ቀን ይወስድ ነበር። ባቡሩ ሌሊት ስለማይሄድ መንገደኛው አንዱን ሌሊት ድሬዳዋ፣ ሌላውን አዋሽ ያድራል። የጣቢያው ቡፌ የተከፈተው ይህን አዳሪ ለማብላትና ለማስተኛት ነው፤ ከተማዋም የተቆረቆረችው በጣቢያው ዙሪያ ነው። እንግዳ በማሳደር የተወለደች ከተማ ብትባል ማጋነን አይሆንም። በኤሌክትሪክ የሚሄደው አዲሱ ባቡር በ2009 ዓ.ም. ተመርቋል፤ የማደሩ ነገር ለባቡር መንገደኛ አብቅቷል፤ ለከባድ መኪና ሾፌር ግን አላበቃም። ከአገሪቱ የወጪና ገቢ ንግድ ከ90 በመቶ በላይ በጅቡቲ ያልፋል። የዚህ ጭነት ብዙው በአዋሽ፣ በገዋኔ፣ በሚሌና በሎግያ አድርጎ ወደ ጋላፊ ይወርዳል። ማዳበሪያ፣ ብረት፣ ነዳጅ፣ ስንዴ ያልፋል። ማታ ማታ በየሆቴሉ በራፍ ሞተር አጥፍቶ፣ እራቱን በልቶ፣ እንቅልፍ እስኪመጣ ቴሌቪዥን ላይ የሚያፈጥ ሕዝብ አለ። አዲስ አበባ ውስጥ አንድ የቴአትር ቤት ሥራ አስኪያጅ ይህን ያህል ሥራ የፈታ ተመልካች በአንድ ቦታ ቢያገኝ እንቅልፍ አይወስደውም ነበር።

መዞር ለኢትዮጵያ ቴአትርም እንግዳ አልነበረም። የሀገር ፍቅር ማኅበር በ1927 ዓ.ም. ሲቋቋም ዓላማው ጣሊያን ሳይገባ ሕዝቡን መቀስቀስ ነበር፤ ከድል በኋላም ከያኒዎቹ በየጠቅላይ ግዛቱ ዞረዋል። የዘመኑ ትልቅ አዳራሽ፣ የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር፣ በ1948 ዓ.ም. በመኮንን እንዳልካቸው «ዳዊትና ኦርዮን» ሲከፈት ክብሩ ወደ ሕንፃው ዞረ። ደርግ ደግሞ ኪነትን በየአውራጃውና በየቀበሌው አደራጀ። የኪነት ቡድኖቹ መፈክር ይበዛባቸዋል፤ ይህን ለማስተባበል መሞከር አይገባም። ቢሆንም ሁለት ነገር ለምደው ነበር፦ መኪና ላይ ተጭኖ መሄድን፣ በየደረሱበት የአካባቢውን ልጅ መድረክ ላይ ማውጣትን። ሥርዓቱ ሲወድቅ መፈክሩም ልምዱም አብሮ ተጣለ። ዛሬ ነባሮቹ የመንግሥት ቴአትር ቤቶች በሙሉ አዲስ አበባ ናቸው። ባሕር ዳር ሙሉዓለም የባህል ማዕከል አላት፤ አዳማ የገልማ አባ ገዳ አዳራሽ አላት። ከአዳማ በታች ወደ ሸለቆው ሲወረድ ዝርዝሩ ይሳሳል።

ሰመራ ወጣት ናት። የአፋር ክልል መንግሥት ከአይሳኢታ ወደዚህ ሲዛወር ከተማዋ በአሰብ መንገድ ዳር በፕላን የወጣች የቢሮ ከተማ ነበረች። ዩኒቨርሲቲዋ በ2000 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ከየክልሉ የመጣ ተማሪ ጨመረላት። ከዚያ ኅዳር 29 ቀን 2010 ዓ.ም. የብሔር ብሔረሰቦችና ሕዝቦች በዓል ተራ ደረሳት። ስታዲየሙ በጭፈራ ተሞላ፣ ካሜራው ቀረጸ፣ ክልሉ ሁሉ የባህል ልብሱን አሳየ፤ በማግሥቱ መድረኩ ተነቅሎ አውቶቡሶቹ ወጡ። በክልል ከተሞች መድረክ የሚታወቀው በአብዛኛው እንዲህ ነው፤ በድግስ ቀን ወይም በስብሰባ መክፈቻ። ድግስ ደስ ይላል። የሰው ልጅ የሚኖረው ግን በዕለት እንጀራ ነው፤ ቴአትርም ተመልካች የሚያፈራው በየሳምንቱ ወይም በየወሩ በታወቀ ቀን ሲመጣ ነው። የስብሰባ ድራማ መልእክቱን ያደርሳል፤ ነገ ማታ ተመልሼ ልየው የሚል ሰው ግን አያፈራም።

አፋር ቴአትር አያውቅም የሚል ካለ ዳጉን አላየም ማለት ነው። ሁለት አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ ቁጭ ብለው ወሬ ይለዋወጣሉ፤ የዝናብ፣ የግጦሽ፣ የልደትና የሞት፣ የጠብና የዕርቅ። ሰሚው እንደ ዳኛ ይጠይቃል፦ መቼ? የት? አይተህ ነው ወይስ ሰምተህ? ተናጋሪውም ያየውን ከሰማው ለይቶ፣ ቅደም ተከተሉን ጠብቆ ያቀርባል። ሐሰት ያቀበለ ሰው ክብሩን ያጣል። ዜናው ከአንዱ ወደ ሌላው እየተላለፈ በአጭር ጊዜ ሩቅ ይደርሳል። እዚህ የአንድ ትረካ ዋጋ የሚለካው ምን ያህል እንደተጓዘና ሲጓዝ ምን ያህል እንዳልተበላሸ ነው። ተውኔት ጸሐፊ ከዚህ የተሻለ የንግግር ትምህርት ቤት አያገኝም። ተመልካቹ ራሱ ጠያቂ ነው፣ ተዋናዩ ራሱ ምስክር ነው፣ መድረኩም የግራር ጥላ ነው።

ማድዓም አለ፤ የአፋር ልማዳዊ ሕግ። ሽማግሌዎች ዛፍ ሥር ተቀምጠው ባለጉዳዮችን ሲሰሙ ነገር አዋቂነት ይፈተናል፤ ያልተጻፈ ሕግ በቃል ይጠቀሳል፣ የቀድሞ ፍርድ ይታወሳል። በጀኒሌ ጭፈራ ደግሞ ሰዎች ክብ ሠርተው እያጨበጨቡና እየዘፈኑ መሀል ላለው ሰው ጥያቄ ያቀርባሉ፤ እሱም ስለሚመጣው ነገር ይመልሳል። ክብ መድረክ፣ መሪ ተዋናይ፣ ተቀባይ ጓድ፣ የሚጠበቅ መልስ! የግሪክ ቴአትር አጀማመር ላይ ብዙ ቀለም ያፈሰሰ የአዲስ አበባ ተማሪ አንድ ማታ እዚህ ቢቀመጥ አይከስርም።

ከአርብቶ አደር የቃል ጥበብ ዘመናዊ ቴአትር ማውጣት ይቻላል ወይ የሚለውን ጥያቄ ጎረቤት መልሶታል። ሶማሌዎች በሃያኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ግጥማቸውን ይዘው መድረክ ላይ ወጡ። በተውኔቶቻቸው ውስጥ ቁልፉ ክፍል በግጥም ተገጥሞ በቃል ይጠናል፤ ተራውን ንግግር ተዋንያኑ እዚያው ይፈጥሩታል። የሐሰን ሼኽ ሙሚን «ሸቤልናጉድ» እ.ኤ.አ. በ1968 ሲታይ የተጠቀመው ይህንኑ ዘዴ ነው። ተውኔቶቹ በካሴት ተቀርጸው አዳራሽ አይቶ የማያውቅ ግመል ጠባቂ ጆሮ ደረሱ። ኋላ ጦርነት የሞቃዲሾን ብሔራዊ ቴአትር ሲያፈርሰው ካሴቶቹ ተረፉ። እዚህ ላይ ለአፋርኛ ጸሐፊ ትልቅ ዕድል አለ፤ ቋንቋው በኢትዮጵያ፣ በኤርትራና በጅቡቲ ይነገራል። ሰመራ ላይ የተጀመረ የአፋርኛ ተውኔት ወደ ላይ ወደ አዲስ አበባ መውጣት የግድ አይሆንበትም፤ የጭነት መኪኖቹን መንገድ ተከትሎ በጋላፊ በኩል ጅቡቲ ወርዶ «ሳሊን ቴአትር» ደጃፍ መድረስ ይችላል።

ወደ ተግባሩ ሲመጣ መጀመሪያ የሚፈታው የሰዓት ጉዳይ ነው። የአዲስ አበባ ሰው እሑድ ከቀኑ 8 ሰዓት ቴአትር ይገባል። ሰመራ ላይ በዚያ ሰዓት ሰው ጥላ ፍለጋ ላይ ነው፤ በሞቃቱ ወራት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ከተማዋ የምትነቃው ፀሐይ ስትጠልቅ ነው። ስለዚህ ከምሽቱ 2 ሰዓት፣ ክፍት ቦታ ላይ፣ በምንጣፍና በወንበር። በረመዳን ከተራዊሕ በኋላ ወይም ጨርሶ መተው፤ ይህን የአካባቢው ሰው ይወስን። ቋንቋው እንደ ከተማው ይለያያል። አዋሽ ሰባት አፋርኛ፣ አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማሊኛ በአንድ ሻይ ቤት የሚሰማባት የመንገድ ከተማ ስለሆነች የአማርኛ ኮሜዲ አያፍርባትም። ሰመራና አይሳኢታ ላይ ግን አፋርኛ ሳይኖር የሚደረገው ነገር እንግዳ አስተናግዶ መሸኘት ብቻ ይሆናል።

ገንዘቡስ? ይህ ክርክር ከሁሉ ይበረታል። የመንግሥት ቴአትር ቤት ተዋናይ ደመወዝተኛ ነው፤ ከአዲስ አበባ ሲወጣ አበል፣ አውቶቡስና አልጋ ይጠየቅለታል። በአንዲት ከተማ ትኬት ይህን ሁሉ መሸፈን ከባድ ነው። ስሌቱ የሚለወጠው ጉዞው በአንድ መስመር ላይ ሲደረደር ነው፤ አዳማ፣ መተሐራ፣ አዋሽ፣ ሎግያ፣ ሰመራ። አንድ መኪና፣ ስድስት ተዋናይ፣ ተጣጣፊ ዕቃ። ሁለት ክፍል ቤትና አንድ ሳሎን የሚጠይቅ ተውኔት ለዚህ አይመችም፤ ሁለት ወንበርና አንድ በር የሚበቃው ይመቻል። በዚህ መንገድ መሄድ ጸሐፊዎቹንም ይለውጣል፤ ሶፋ ላይ ተቀምጦ ከመጨቃጨቅ የሚያወጣቸው ነገር ቢመጣ ተመልካቹ የሚከፋው አይመስልም።

ትልቅ አዳራሽ ይሠራ የሚለው ሐሳብ ደግሞ ከመሬቱ ጋር መነጋገር አለበት። በ2017 ዓ.ም. ከፈንታሌ እስከ ዶፈን ያለው ምድር ለወራት ሲንቀጠቀጥ መሬት ተሰነጠቀ፤ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ቤቱን ለቆ ወጣ። በዚያ ሰሞን ሰው የፈራው ጣሪያን ነበር። መጋረጃና መብራት ጭኖ መጥቶ ሜዳ ላይ የሚታይ ቴአትር በስምጥ ሸለቆ ውስጥ የድህነት ምርጫ አይመስልም።

የመጀመሪያው ሙከራ ቀላል ሊሆን ይችላል። አዲስ አበባ ላይ የእሑድ ቀኑን ጨርሶ «ሊወርድ» የደረሰ አንድ ተውኔት ይመረጥ። ከመውረዱ በፊት ሐሙስ አዳማ፣ ዓርብ አዋሽ ይደር፤ ቅዳሜ ቀኑን ሙሉ ወደ ሰሜን ይጓዝ፤ እሑድ ማታ ሰመራ ይታይ። አዋሽ ላይ ፖስተሩ የሚለጠፍበት ቦታ ብዙ ማሰብ አይጠይቅም። ከባድ መኪኖች በሚቆሙበት፣ ጎማ ጠጋኙ መብራት በሚያበራበት፣ ሻይ በሚፈላበት ግድግዳ ላይ፦ «ዛሬ ማታ 2 ሰዓት፤ በሚቀጥለው ወር በዚሁ ቀን ይደገማል»።