ፈጥኖ የሚያሽለው ጠብታ

በድሬዳዋ ዓይን የሚያሳክከው ሰው ቢበዛ አያስገርምም። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ በሞቃትና ደረቅ ቆላ ተቀምጣለች፤ የደቻቱ ወንዝ ዝናብ ካልወረደበት አሸዋ ነው፤ ነፋስ ሲነሳ አሸዋው ባጃጅ ከሚያስነሳው አቧራ ጋር ቀፊራና ሳቢያን ሰፈሮች ድረስ ይደርሳል። ከማሳከክ መንስኤዎች ዋነኛው አለርጂ ነው። በተለይ ሐኪሞች ቨርናል የሚሉት ዓይነት ሙቀትና ድርቀት ባለበት አገር ይበረታል፤ ከሴቶች ልጆች ይልቅ ወንዶቹን ያጠቃል፤ ብዙ ጊዜ በጉርምስና ማብቂያ ላይ ይተዋል። ልጁ ዓይኑን ቀኑን ሙሉ ያሻል፣ ብርሃን ይሸሻል፣ ዓይናሩ እንደ ክር ይሳባል። ያስጨንቃል እንጂ አብዛኛውን ጊዜ አያሳውርም። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ለዚሁ ሕመም ያለ ሐኪም ማዘዣ የሚገዛው ስቴሮይድ ያለበት ጠብታ ነው፤ እሱ ሊያሳውር ይችላልና።

የዚህ ጠብታ ችግር መልካም ሥራው ነው። እንደ ዴክሳሜታሶን ወይም ፕሬድኒሶሎን ያለ ስቴሮይድ የገባበት ዓይን በአንድ ሁለት ቀን መቅላቱ ይጠፋል፣ ማሳከኩ ጸጥ ይላል፤ ቤተሰቡም ጠርሙሱን መድኃኒቴ ብሎ ይይዘዋል። ማሳከኩ ሲመለስ ጠብታው ይመለሳል። በዚህ መሐል በዓይን ውስጥ ያለው ፈሳሽ መውጫው እየጠበበ ግፊቱ ሊጨምር ይችላል። በ1960ዎቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተደረጉ ጥናቶች እንዳሳዩት፣ ጠብታውን ለሳምንታት ከተጠቀሙ ሰዎች ሲሶ ያህሉ የዓይን ግፊታቸው በመጠኑ ሲጨምር፣ ከመቶ አምስት ያህሉ ደግሞ በጣም ያሻቅብባቸዋል። ግፊቱ የዓይንን ነርቭ ሲገድል አያምም፣ አያሳክክም። ይህ ነው ግላኮማ፤ የጠፋው እይታ አይመለስም። ጠብታው የዓይን ሞራም ሊያመጣ ይችላል፤ እሱ እንኳ በቀዶ ሕክምና ይወገዳል።

«ሐኪሙ ራሱ ያዝዘው የለም ወይ?» የሚል ይኖራል። ያዛል፤ ሕመሙ ሲጠና፣ ለአጭር ጊዜ፣ ግፊቱን እየለካ። ልዩነቱ ያለው በልኬቱ ነው። ሌላው ተቃውሞ ይከብዳል፤ የሐኪም ወረፋና ወጪ አለ፣ መድኃኒት ቤቱ ግን ደጃፍ ላይ ነው። እውነት ነው፣ በዚህም ሰውን አልወቅስም። ነገር ግን ቀላሉ ማሳከክ ስቴሮይድ አይፈልግም። ዓይንን አለማሸት (ማሸቱ የዓይንን የፊት መስታወት ቅርጹን ሊያበላሽ ይችላል)፣ በንጹሕ ቀዝቃዛ ውኃ የተነከረ ጨርቅ በተከደነ ዓይን ላይ ማሳረፍ፣ አቧራ ሲነሳ መነጽር ማድረግ፣ ከመድኃኒት ቤትም ሰው ሠራሽ እንባ ወይም እንደ ኦሎፓታዲን ያለ የአለርጂ ጠብታ መጠየቅ ይቻላል። ክሮሞግላይኬት የሚባለውም ይሠራል፤ ጉልበቱ የሚታየው ግን በየቀኑ ተደርጎ ከቀናት አንዳንዴም ከሳምንታት በኋላ ስለሆነ ብዙ ሰው «አልሠራልኝም» ብሎ ይጥለዋል። ሰውን ወደ ስቴሮይድ የሚገፋው አንዱ ምክንያት ይኸው ትዕግሥት ማጣት ይመስለኛል።

ሁሉም ማሳከክ አለርጂ ነው ማለቴም አይደለም። ትራኮማ አለ፤ በ1998 ዓ.ም. የተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከአንድ እስከ ዘጠኝ ዓመት ካሉ ሕፃናት 40 በመቶ ያህሉ ንቁ ትራኮማ እንዳለባቸው አሳይቶ ነበር፤ መድኃኒቱ እንደ አዚትሮማይሲን ያለ ፀረ ባክቴሪያና የፊት ንጽሕና ነው። የዓይን ማዝም አለ፤ ቢጫ መግል ካለው ከባክቴሪያ፣ ውኃ የሚያፈስ ከሆነ ብዙ ጊዜ ከቫይረስ ነው። በሄርፒስ ቫይረስ የቆሰለ ዓይን ላይ ስቴሮይድ ቢጨመር ቁስሉ ይብሳል። ሕመም፣ የእይታ መደብዘዝ ወይም ብርሃን መፍራት ካለ ጉዳዩ የሐኪም ነው።

እንግዲህ ለጠርሙሱ ከመክፈላችሁ በፊት ባለሙያውን «ስቴሮይድ አለበት?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ከፀረ ባክቴሪያ ጋር ተደባልቆም ይሸጣልና። አለበት ካላችሁና ማዘዣ ካልያዛችሁ መልሱለት። ለልጃችሁ ስትጨምሩለት ከርማችሁ ከሆነ ደግሞ ግፊቱን በዚህ ሳምንት አስለኩለት።