ሰዓቱ በእናቶቻችን ድምፅ ይናገር

በካርቲየ ሰባት ምግብ የሚያበስል ሰው እጁ ነጻ ሆኖ አይገኝም። ሽንኩርት ይከተፋል፣ ዶሮ ይበለታል፣ ሊጥ ይቦካል፣ ምጣድ ይታሰሳል። በዚህ መካከል ስልክ ቢጮህ በክርን ካልሆነ የሚነካው የለም። ስለዚህ በእጅ አንጓ ላይ ታስሮ፣ ጣት ሳይነካው የምግብ አሠራርን ደረጃ በደረጃ የሚነግር የስማርት ሰዓት መተግበሪያ ይሠራ የሚለው ሐሳብ ለእኛ ለተማሪዎች ቅንጦት ሆኖ አልታየንም። ስልካችንን ከሞሉት ብዙ ጨዋታዎች ይልቅ ቤታችንን ይጠቅማል ብለን እናምናለን። አንድ ቅድመ ሁኔታ ግን አለን። ሰዓቱ የሚናገረው በአማርኛ፣ ከተቻለም በራሳቸው በእናቶቻችን ድምፅ መሆን አለበት።

መጀመሪያ እጅ ሳይነካው የሚሠራ መሣሪያ ለምን እንዳስፈለገ እንናገር። የስልክም ሆነ የሰዓት መስታወት የጣትን ንክኪ የሚያውቀው ሰውነታችን ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍ ነው። ጣት ሲረጥብ ወይም ሊጥ ሲለብስ መስታወቱ ይደናገራል፤ ያልተነካውን እንደተነካ ይቆጥራል፣ የተነካውን ደግሞ ሳያውቅ ያልፋል። በዚያ ላይ የሰዓት ገጽ ትንሽ ነው። የአፕል ኩባንያ በ2015 እ.ኤ.አ. ለገበያ ያቀረባቸው የመጀመሪያዎቹ ስማርት ሰዓቶች ቁመታቸው 38 እና 42 ሚሊሜትር ነበር። በዚህች ጠባብ ቦታ የዶሮ ወጥ አሠራር ጽፎ፣ ዓይኑ በሽንኩርት እንባ የሞላን ሰው «አንብብ» ማለት ቀልድ ነው።

ከዚህ የሚበልጥ ምክንያትም አለ። ከእናቶቻችን መካከል ፊደል የመቁጠር ዕድል ያላገኙ አሉ። በቤታቸውም ሆነ በሰው ቤት ተቀጥረው ሲያበስሉ ዕድሜያቸውን ያሳለፉ፣ ሙያቸው የተመሰከረላቸው ሴቶች ናቸው። ሆኖም በጽሑፍ የተሞላ መተግበሪያ ለእነሱ የተዘጋ በር ነው፤ የሚያውቁትንም ጽፈው ለሌላው ማስተላለፍ አይችሉም። ድምፅ ግን ፊደል አይጠይቅም። በድምፅ የሚሠራ መሣሪያ በደንብ ከታሰበበት እነዚህን እናቶች ተጠቃሚ ብቻ ሳይሆን አስተማሪ ሊያደርጋቸው ይችላል።

ታዲያ ችግሩ ምንድን ነው? ችግሩ ቋንቋ ነው። በ2011 እ.ኤ.አ. የወጣው የአፕል የድምፅ ረዳት ሲሪ የከተማችንን ሁለት የሥራ ቋንቋዎች፣ ፈረንሳይኛንና ዓረብኛን፣ ይሰማል። በሰፈራችን በየደጁ የሚነገሩትን ሶማሊኛን፣ አፋርኛንና አማርኛን ግን አይሰማም። ጉግል በነሐሴ 2017 እ.ኤ.አ. በድምፅ መጻፍን ለአማርኛ ከፍቷል፤ ይህ ትልቅ እርምጃ ነበር። ቢሆንም አንድን ዓረፍተ ነገር ሰምቶ መጻፍ አንድ ነገር ነው፤ በሚንጫጫ ማዕድ ቤት ውስጥ ትእዛዝ ሰምቶ መታዘዝ ደግሞ ሌላ ነው።

ማሽን ቋንቋ የሚማረው ሰዎች ሲናገሩ ከተቀዳ ድምፅ ነው። በ2005 እ.ኤ.አ. ተመራማሪዎች ለአማርኛ ያዘጋጁት የታወቀ የድምፅ ስብስብ 100 ሰዎች ያነበቡት 20 ሰዓት ያህል ንግግር ነበር። ለብዙ ጥናቶች መሠረት ስለሆነ እናመሰግናቸዋለን። የተነበቡት ዓረፍተ ነገሮች ግን ከዜና ጽሑፍ የተወሰዱ ነበሩ። በዜና ውስጥ ሚኒስትርና ስብሰባ በብዛት ይገኛሉ፤ ቁሌት፣ አብሲት፣ መከለሻና አክንባሎ የሚሉት ቃላት ግን ከየት ይመጣሉ? የማዕድ ቤቱን አማርኛ ማንም ካልቀዳው ማሽኑ ሊያውቀው አይችልም።

ጽሑፍ ሰጥተነው ማሽኑ ጮክ ብሎ ያንብብልን ብንልም ሌላ እንቅፋት አለ። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አያሳይም። «ይበላል» ብለን ስንጽፍ ሰውየው ይበላል ይሁን ምግቡ ይበላል የምናውቀው ከሐሳቡ ነው። ማሽን ይህን ሲስት ንግግሩ የባዕድ ሰው ንግግር ይመስላል፤ ሰሚውም ይስቃል እንጂ አያምነውም።

ስለዚህ የምናቀርበው ሐሳብ ቀላል ነው። ሰዓቱ በማሽን ድምፅ አይናገር። እናት ወጡን እየሠራች ትናገር፣ እኛ እንቅዳ። ንግግሩን በየደረጃው እንቆራርጠው። «ሽንኩርቱን ያለ ዘይት አቁላላ» አንድ ቁራጭ፣ «በርበሬው እንዳያር ውሃ ጠብ አድርግ» ሌላ ቁራጭ ይሁን። ሰዓቱ የሚጠበቅበት ትክክለኛውን ቁራጭ በትክክለኛው ጊዜ ማሰማት ብቻ ነው።

ተጠቃሚው ሰዓቱን የሚያዝበት ቃልም ጥቂት ይሁን፤ እኛ አራት ይበቃል እንላለን። ማሽን አማርኛን በሙሉ እንዲያውቅ ማድረግ ከባድ ነው፤ አራት ቃል ለይቶ እንዲያውቅ ማድረግ ግን እጅግ ይቀላል፣ በትንሽ መሣሪያም ያለ ኢንተርኔት ሊሠራ ይችላል። ይሁን እንጂ ቃላቱን መምረጥ ራሱ ማሰብ ይጠይቃል። «ቀጥል» ብንል ወንድ ነው፣ «ቀጥይ» ብንል ሴት ነው፤ ሰዓት ደግሞ ጾታ የለውም። ስለዚህ «ቀጣይ»፣ «ድጋሚ» እና «ወደ ኋላ» የሚሉትን መርጠናል። ለማቆሚያ «በቃ» የሚለው ቃል ቀርቦ ነበር፤ ነገር ግን በሰፈራችን «በቃ» ሳይባል የሚያልቅ ወሬ ስለሌለ ሰዓቱ በየደቂቃው ይዘጋ ነበር። «ጨርሻለሁ» ይሻላል። ወንድም ሴትም እኩል ይለዋል፣ ከሌሎቹም ቃላት ጋር አይምታታም።

ሰዓቱ ሰውን የሚጠራበት መንገድም ቀላል ጉዳይ አይደለም። እንግሊዝኛ የሚናገር መተግበሪያ ለሁሉም አንድ ዓይነት ቃል ይበቃዋል። በአማርኛ ግን ለአያታችን «ጨምሪ» የሚል ሰዓት ባለጌ ነው። እናት ለልጇ የቀዳችው ከሆነ እንደ ልማዷ ትናገር፤ ለሁሉም የሚሆነው ግን «ይጨምሩ»፣ «ያማስሉ» እየተባለ ይቀዳ። ይህ አከባበር ሌላም ጥቅም አለው። ሁሉም ነገር በ«ጨምሪ» ቢቀዳ ወንዶቹ ተማሪዎች ነገሩ አይመለከተንም ብለው ይርቃሉ። ማዕድ ቤት የሴት ልጅ ብቻ ነው የሚለውን አስተሳሰብ በአዲስ መሣሪያ ላይ መልሶ መትከል አይገባም።

ቀጥሎ መለኪያና ጊዜ ይመጣል። የውጭ አገር መተግበሪያዎች በግራምና በደቂቃ ይናገራሉ። እናቶቻችን የሚለኩት በሲኒ፣ በጭልፋና በእፍኝ ነው፤ ጊዜውንም የሚያውቁት በዓይን፣ በአፍንጫና በጆሮ ነው። ሽንኩርቱ የሚበቃው መልኩ ሲለወጥና ውሃው ሲመጥ ነው። ወጡ የሚወጣው ዘይቱ ከላይ ሲንሳፈፍ ነው። እንጀራው የሚወጣው ዓይን አውጥቶ ጠርዙ ከምጣዱ ሲነሳ ነው። ስለዚህ ሰዓቱ ነዝሮ «ደርሷል» ሊል አይገባውም። «ይዩት፤ ዘይቱ ከላይ ወጥቷል?» ብሎ ይጠይቅ። ፍርዱ የሰው ነው፤ የሰዓቱ ሥራ ማስታወስ ነው። ንዝረቱም ይጠቅማል፤ የአየር ማራገቢያው፣ የሕፃናቱና የመንገዱ ጩኸት ድምፅ በሚውጥበት ጊዜ አንጓ ላይ የሚሰማ ንዝረት አይጠፋም።

ደቂቃን ብቻ ማመን የማይገባበትን ምክንያት የሳይንስ ትምህርታችን ራሱ ያስረዳል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ በዚያ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። እኛ ያለነው በባሕር ዳርቻ ስለሆነ ውሃችን በ100 ዲግሪ ይፈላል። በአዲስ አበባ ሰዓት የተለካ የምስር ወጥ እዚህ ከታሰበው ቀድሞ ይበስላል ማለት ነው። ሊጡም እንዲሁ ነው። ሊጥን የሚያቦኩት በእርሾ ውስጥ ያሉ ረቂቅ ሕዋሳት ናቸው፤ ሙቀት ሲጨምር ሥራቸው ይፈጥናል። በጅቡቲ በጋ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ፣ «ሦስት ቀን ይቆይ» የሚለውን የደጋ ምክር የተከተለ ሰው የሚጠብቀው የሆመጠጠ ሊጥ ነው። ይህን ልዩነት ከካርቲየ ሰባት እናቶች በላይ የሚያውቅ መሐንዲስ የለም። መተግበሪያው እዚህ እንዲሠራ ከተፈለገ እዚህ መቀዳት አለበት።

የሰዓት አቆጣጠራችንም አይዘንጋ። ትምህርት ቤትና መሥሪያ ቤት ከጠዋቱ «8» ሲሉ በቤታችን ሁለት ሰዓት ነው። ዶሮው «20 ደቂቃ» ይቀቀል ሲባል በሁለቱም አቆጣጠር ያው ነው፤ «ምሳ በ7 ይድረስ» ሲባል ግን ስድስት ሰዓት ያህል ልዩነት አለ። ሰዓቱ በየትኛው አቆጣጠር እንደሚናገር ባለቤቱን አንድ ጊዜ ጠይቆ ያስታውስ። ረቡዕና ዓርብ ለሚጾም ቤት ቅቤ ጨምሩ አይበል፤ በረመዳን ለሚጾም ቤት ደግሞ ማፍጠሪያው እንዳያልፍ ያስታውስ።

ይህን ሐሳባችንን የሚቃወሙ ወላጆች እንዳሉ እናውቃለን፤ መቃወሚያቸውም ተገቢ ነው። አንደኛው «ልጅ ወጥ የሚማረው ከእናቱ ጎን ቆሞ እንጂ ከሰዓት አይደለም» የሚል ነው። በዚህ እንስማማለን። ነገር ግን ሥራ ውለው ማታ የሚገቡ እናቶች ብዙ ናቸው። ልጁ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ማዕድ ቤቱ ባዶ ነው። በዚያን ሰዓት የእናቱን ድምፅ ሰምቶ ሽሮ ቢሠራ፣ ማታ ደክማ ስትገባ የሚጠብቃት የተዘጋጀ ገበታ ነው። ደግሞም ድምፁን ለመቅዳት መጀመሪያ ከጎኗ መቆም ግድ ነው። ቀረጻው ራሱ ትምህርት ይሆናል።

ሁለተኛው መቃወሚያ ዋጋ ነው። የመጀመሪያው የአፕል ሰዓት መነሻ ዋጋ 349 ዶላር ነበር። ለእንዲህ ያለ ዕቃ ከቤት ወጪ ላይ ይቀነስ ብሎ የሚመክር ከእኛ መካከል የለም። ሥራው በስልክ ይጀመር። መደርደሪያ ላይ የተቀመጠ አሮጌ ስልክ ቁርጥራጭ ድምፆቹን ማሰማትና አራቱን ቃላት መስማት ይችላል። ሰዓቱ ዋጋው ሲረክስ ይደርሳል፤ የእናቶቻችን ድምፅ ግን ዛሬ ካልተቀዳ ነገ ላይገኝ ይችላል።

ሦስተኛው መቃወሚያ ከሁሉም ይከብዳል፤ ሁልጊዜ የሚያዳምጥ መሣሪያ ቤት ውስጥ ማስገባት ነው። ማዕድ ቤት የቤተሰብ ገመና የሚወራበት ቦታ ነው። ስለዚህ ሁለት ነገር አጥብቀን እንጠይቃለን። ድምፅ ከመሣሪያው አይውጣ፤ አራት ቃል ለመስማት ወደ ሩቅ አገር ኮምፒውተር መላክ አያስፈልግም። ማይክሮፎኑም ምግቡ ሲጀመር ተከፍቶ «ጨርሻለሁ» ሲባል ይዘጋ። የተቀዳው ሙያም የባለቤቱ ነው። ያለ ፈቃዷ የማንም እናት ድምፅ ለሌላ አይተላለፍ፤ ፈቅዳ ስትሰጥም ስሟ እንዲጠራ ከፈለገች ይጠራ።

እነዚህ ከተሟሉ ሥራው ከእኛ ማኅበረሰብ አልፎ ለጎረቤቶቻችን ይተርፋል። የሶማሌና የአፋር ጓደኞቻችን ቋንቋ በድምፅ ረዳቶች ዘንድ እንደ እኛው የተረሳ ነው። የእነሱ እናቶች ስኩዴህካሪስን በሶማሊኛ ወይም በአፋርኛ ቢቀዱልን፣ የእንጀራ ዘመድ የሆነውን ላሆህን ቢያስተምሩን፣ የእኛም እናቶች ዶሮ ወጥን ቢያካፍሏቸው፣ ቋንቋውን የማይችለውም ሰው አንድ ሁለት ቃል ይዞ ይወጣል።

ስለዚህ ለትምህርት ቤታችን ማኅበረሰብ የምናቀርበው ጥያቄ ሦስት ክፍል አለው። መምህራን ሆይ፣ በሚመጣው ዓመት የአማርኛ፣ የሳይንስና የኮምፒውተር ክፍለ ጊዜያት በዚህ አንድ ሥራ ላይ ይገናኙ፤ አማርኛው ቃላቱን ይምረጥ፣ ሳይንሱ ሙቀቱንና ጊዜውን ይለካ፣ ኮምፒውተሩ መተግበሪያውን ይሥራ። እናቶችና አባቶች ሆይ፣ አንድ የምታውቁትን ምግብ ለመቅዳት አንድ ከሰዓት በኋላ ስጡን። እናንተ ተማሪዎች ደግሞ፣ በስልካችሁ ላይ ካለው ዘፈን አንዱን አጥፍታችሁ ለእናታችሁ ድምፅ ቦታ ክፈቱ። በመጀመሪያ ሽሮ ይቀዳ፤ አጭር ነው፣ ሁሉም ቤት ይሠራል፣ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ቤት ግን አሠራሩ ይለያያል። ልዩነቱን መስማት ብቻውን ለአንድ ዓመት ሥራ ይበቃናል።